ሰፊው ጠሀና ቢጫዋ ቁራጭ

ሀዋሳ ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። መሃል ከተማ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠሀ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከቡታጅራ ወዲያ ካለ መንደር በልጅነቱ ወጥቶ ብዙ አገር ዞረ፤ በመጨረሻ እዚያች በረንዳ ላይ ተቀመጠና አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ኖረ። ቀጭን ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ጠመኔ ከጆሮው ላይ አይጠፋም። ሰው ሲያነጋግረው ፊት ሳይሆን ትከሻ ነው የሚያየው። «እንዴት አደሩ ጋሽ ጠሀ?» ሲሉት፣ «አልሐምዱሊላህ። የኮትህ ግራ ትከሻ ወርዷል፤ ሰሞኑን አምጣው» ይላል።

ከተማውን የሚያውቀው በልብሱ ነበር። ከቀናት ሁሉ ሰኞን ይወዳል። ሰኞ ለጥገና የሚመጣ ልብስ የእሑዱን ወሬ ይዞ ይመጣል። የሱሪ እጥፋት ውስጥ የሐይቅ ዳር አሸዋ ይገኛል። ኪስ ሲገለበጥ የበቆሎ እሸት ፀጉር ይወድቃል። የሸሚዝ ክርን ላይ የሣር አረንጓዴ አለ፤ የቀሚስ ጫፍ ላይ ደግሞ ደርቃ የተጣበቀች የአሳ ቅርፊት። ጠሀ ቅርፊቷን በጣቱ ጫፍ ያነሣና ወደ ፀሐይ አዙሮ ያያታል። እንደ መስታወት ታብለጨልጫለች። እነዚህ ሰዎች እዚያ ሄደው ምን ሲያደርጉ ነው ልብሳቸው እንዲህ የሚሆነው? ይገርመዋል።

ሐይቁ ከበረንዳው የሩብ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ጠሀ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ብቻ ነው የሄደው፤ አንዴ ለቀብር ሲያልፍ፣ አንዴ የጠፋ በግ ፍለጋ። እሑድ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ የሚለካበትና የሚረከብበት ቀን ነዋ!

«አንቺ ራቢያ» ይላታል ሚስቱን ምሳ ስታመጣለት፣ «ሰው ሐይቅ ዳር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋል?»

«ሄደህ አታይም?»

«ሥራውስ?»

«እንግዲያ አትጠይቀኝ። እኔስ ማን ወስዶ አሳየኝ?»

ጠሀ አንድ ልማድ ነበረው። ወንድ ሲለካ በሜትር ይለካል። ሴት ሲለካ ግን እጁም አይነካት፣ ሜትሩም አይጠጋት። ከጥቅሉ ላይ ረዘም ያለ ክር ይቆርጥና ይሰጣታል። «ጫፉን ትከሻሽ ላይ ያዥው፤ ክንድሽን ወደ ታች ልቀቂው» ይላታል፣ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ። ክሩ የሚያበቃበትን በዓይኑ ጥግ ያይና ይቋጥረዋል። አንድ ቋጠሮ ለክንድ፣ አንድ ለወገብ፣ አንድ ለቁመት። የእያንዳንዷ ሴት ክር ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ የማን የማን እንደሆነ ሳይጽፍ ያውቀዋል። እናቶች በዚህ ያከብሩታል። «ልጄን ጠሀ ጋ ብቻዋን ብልካት ሐሳብ የለብኝም» ይላሉ። በዕድሜው አንዲትን ሴት እጅሽን ወደ ላይ አንሺ ብሎ አያውቅም። እንዴት ይላል? ነውር አይደለም እንዴ!

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ሊጠባ ሰሞን፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን መሪ ታምሩ ሁለት ጣቃ ነጭ አቡጀዴ በጋሪ አስጭኖ በረንዳው ሥር ደረሰ። ታምሩ ወጣት መምህር ነው፤ ሲናገር እጁ ዝም አይልም።

«ጋሽ ጠሀ፣ አሥራ ሁለት ቀሚስ! ለአብዮት በዓል የሚደርስ! ከላይ ጥብቅ፣ ከታች ሰፋ!»

«ምን ሊደረግበት?»

«ሊጨፈርበት ነዋ! የብሔረሰቦች ጭፈራ። መጨረሻው የጉራጌ ነው፤ አዳራሹን የሚያስነሣው እሱ ነው።»

«ጥብቅ ካልክ ጥብቅ ይሆናል» አለ ጠሀ።

አሥራ ሁለቱ ልጃገረዶች በረንዳው ላይ ተሰልፈው ተለኩ። የመጀመሪያዋ ፀሐይ ነበረች፤ ሐይቅ ዳር አሳ የምትጠብሰው የገበያነሽ ልጅ። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ክንዷ ረጅም፣ ሳቋ ቅርብ። ክሩን ትከሻዋ ላይ ይዛ፣ «ጋሼ፣ ይኮረኩራል እኮ!» ብላ ስትስቅ ሌሎቹም አብረው ሳቁ። ጠሀም ወደ ግድግዳው እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ሰፋ። እያንዳንዱን ስፌት ሁለት ሁለት ጊዜ አስኬደው። ቀሚሶቹ ተተኩሰው ሲሰቀሉ አንድም ቦታ መጨማደድ የላቸውም። ሲያያቸው ደስ አለው።

መስከረም ሁለት ቀን ጭፈራው በቀበሌው አዳራሽ ሲካሄድ፣ ጠሀ እንደ ልማዱ ሥራው ላይ ነበር። ከበሮው ከሩቅ ይሰማዋል። የጉራጌው ምት ሲጀመር እግሩ የስፌት መኪናውን ረገጣ ሳያስበው አፋጠነ። ድንገት ከበሮው ቀጥ አለ። ቀጥሎ ሳቅ ተሰማ። የአዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቅ ነው፤ ግን የሚያስደስት ዓይነት አልነበረም።

በማግስቱ ታምሩ አንዱን ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና መኪናው ላይ ጣለው።

«ጋሽ ጠሀ፣ ይሄ ስፌት ነው?»

ቀሚሱ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተርትሯል።

«የማን ነው?»

«የፀሐይ። የፊት መሪያችን። ክንዷን ስትወረውር ጭርር ብሎ ሄደ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀባት። አንዱ ባለጌ ደግሞ ከኋላ ‹አሳው ተበለተ!› ብሎ ጮኸ። እናቷ አሳ ጠባሽ ናታ! እያለቀሰች ወጣች። በቃ፣ ዳግመኛ ሰው ፊት አልቆምም ብላለች።» ታምሩ ግንባሩን ጠረገ። «የመጪው ሳምንት እሑድ ሐይቅ ዳር የቀበሌዎች ሁሉ ሽርሽር አለ። ሕዝቡ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። እስከዚያው ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ እሰጣለሁ። እኔ የማውቃት ፀሐይ ከሆነች፣ አንዴ ከቀረች ቀረች።»

ጠሀ ቀሚሱን አነሣ። የተቀደደውን ቦታ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ስፌቱ አልተበጠሰም» አለ። «ጨርቁ ነው የተቀደደው፤ ከስፌቱ ጎን።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅመኛል?»

«አንተን አይጠቅምህም። እኔን ግን አላስቀምጥ ይለኛል።»

እውነትም አላስቀመጠውም። የሌሎቹን ልጆች ቀሚሶች አስመጥቶ በየተራ ወደ ብርሃን አነሣቸው። አሥራ አንዱም እዚያው ቦታ ላይ፣ ብብት ሥር፣ እንደ ወንፊት ሳስተዋል። ጨርቁ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ፈልጓል፤ ወዴት እንደሆነ ግን ጠሀ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ያ ሳቅ በጆሮው ቀረ። አንዲት ልጅ በእሱ እጅ በተሠራ ልብስ ተዋርዳለች። ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይቆጣው፣ ይሰድበው ነበር። እሷ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ቀሚሱን ብቻ ላከችለት።

ረቡዕ ዕለት በቀትር የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፈነና ተነሣ። የሱቁ ሰዎች «ማን ሞተ?» አሉ።

ወደ ሐይቁ ሲወርድ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው፤ መሬቱ ከእግር ሥር ይለሰልሳል። በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች በየዛፉ ሥር ከሰል ያራግባሉ። ሽቶ የተቀባ የሚመስል ነፋስ ከውኃው ይመጣል፤ ጠጋ ሲሉት ግን አሳ አሳ ይላል። ጠሀ ሁሉን ነገር እየቆመ አየ። ከሁሉ ያስገረሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ነበሩ። የአሳ ጥራጊ ሲጠብቁ አንገታቸውን ሰብረው ተደርድረዋል። ጥቁር ካባ፣ ነጭ ሰደርያ፤ ትከሻው ላይ ቁጭ ያለ። «ይሄንን የሰፋ ሰው ሥራ ያውቃል» አለ በሆዱ። አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሣ ደግሞ ካባው ሥር ተጣጥፎ የነበረው ሁሉ ተፈታና ተዘረጋ። ጠሀ አንገቱን ቀና አድርጎ እስኪርቅ ድረስ አየው።

የገበያነሽ መጥበሻ ቤት አራት እንጨትና የሣር ክዳን ነው። እሷ ደንደን ያለች፣ ድምፅዋ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ገና ከሩቅ አየችው።

«እሰይ! ልጄን ያራቆታት ሰፊ በእግሩ መጣ! ዛሬስ ማንን ሊገፍፉልን ነው ጌታው?»

አሳ የሚበሉት ሰዎች ዞረው አዩት። ጠሀ ጆሮው ጋለ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት። ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ።»

ፀሐይ ከኋላ ተቀምጣ በቢላ ቅርፊት ትፍቃለች። ፊቷን አልመለሰችም።

«ደህና ዋልሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ያን ጊዜ፣ ሲቀደድ፣ ምን እያደረግሽ ነበር?»

«ስጨፍር ነዋ!»

«ማለቴ፣ ክንድሽ ወዴት ነበር?»

«አላውቅም። አላሳይም። ቀሚሱንም አልፈልገውም!» ቢላው አሳው ላይ ጮኸ።

ገበያነሽ ልጇንም ሰውየውንም አየችና ድምፅዋን ትንሽ ዝቅ አደረገች። «ይቀመጡ ባክዎ። እዚህ ቆሞ የሚያይ አባ ኮዳ ብቻ ነው። አሳ ላቅርብልዎ።»

ጠሀ አመነታ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር በሰርግና በለቅሶ ተደራርሷል፤ ግን የእስላሙ ድስት ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ድስት ለብቻ ነበር። ሥጋ ያረደው እጅና ሲታረድ የተጠራው ስም ይለያያቸዋል። ገበያነሽ ገባት።

«አሳ እኮ ነው! ማን አረደው? ከውኃ ወጣ፣ ሞተ፣ አለቀ። እነዚያን ሁለቱን አያዩዋቸውም? አንደኛው ከመስጊድ ነው የመጣው፣ አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን። አንድ ትሪ ላይ አይደሉም?»

ጠሀ አየ። ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌና ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ከአንድ ትሪ አሳ ይቦጭቃሉ፤ ጭንቅላቱን አንተ ብላ፣ አንተ ብላ እየተባባሉ ይገፋፋሉ። አሳ እንደማይታረድ ያውቃል፤ ማንም ያውቃል። በዚህ ምክንያት ሰው አብሮ መብላት እንደሚችል ግን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም ነበር። በሰኞ ልብሶች ላይ ያገኛቸው እነዚያ ቅርፊቶች የእስላሙም የክርስቲያኑም ነበሩ። «ለካ እንዲህ ነው!» አለና ተቀመጠ።

ቆሮሶ የሚሉት የሐይቁ አሳ ሙሉውን ተጠብሶ መጣለት፤ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ። ዳጣው ዓይኑን አስለቀሰው። የአሳው ጎን በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል።

«ይሄ መሰንጠቁ ለምንድን ነው?»

«ካልተሰነጠቀማ መጥበሻው ላይ ተጣሞ ይፈነዳል። ቆዳው ሲሳብ መላወሻ ይፈልጋላ!»

ጠሀ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ቀረ። በዚሁ ጊዜ ፀሐይ የአሳ ጥራጊውን በሳህን አንሥታ ወጣችና ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ለአባ ኮዳዎቹ ወረወረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የለበሰችው የቤት ቀሚስ አሮጌ ነው፤ ጠባብም ነው። ግን አልተሳበም፤ ጫፉም ከቁርጭምጭሚቷ አልተነሣም። ጠሀ ነውሩን ረስቶ አየ። ብብቷ ሥር ከሌላ ጨርቅ የተቆረጠ፣ የዳቦ ቁራሽ የሚያህል ልጥፍ አለ።

«እሱን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኛ» አለች ገበያነሽ። «መረብ ስስብ ልብስ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይተረተርብኛል። እኔ ደግሞ ስለጥፍበት ኖርኩ። ልጄም እንደዚያው። የእኛ ክንድ ጎናችን ላይ አይውልማ!» ከዚያ ዓይኗን አጠበበች። «እርስዎ አይደሉም እንዴ አምና ለማሳጠር ያመጣሁልዎትን ቀሚስ፣ ልጥፉን ሁሉ ነቃቅለው አሳምረው የሰጡኝ? ያውም በነጻ?»

ጠሀ ትዝ አለው። ልጥፎቹን ሲያይ አፍሮላት ነበር። ድህነት መስሎት ነበር። ክሩ ወፍራም፣ ስፌቱ ጠማማ፤ እንዲህ ያለ ጥገና ከበረንዳው እንዲወጣ አልፈለገም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? በጎ ለዋለልኝ ሰው ‹ጌታው፣ አበላሹብኝ› ልበል? ወስጄ መልሼ ለጠፍኩት።» ሳቀች፤ ትሪው ላይ ሌላ አሳ ጨመረችለት።

ጠሀ ቤቱ ሲገባ ሆዱም ራሱም ሞልቶ ነበር። በማግስቱ ከተረፈው አቡጀዴ ለራሱ ልክ ጥብቅ ሸሚዝ ሰፋ፤ ልክ እንደ ልጆቹ ቀሚስ አድርጎ። ለበሰው። በሩን ዘጋ። መንደሩ ትዝ አለው፤ ያ ሰፊው ሣር፣ ጀፎረው፣ በመስቀል ሰሞን ልጅ ሁሉ የሚጨፍርበት። ከዚያ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ክንዱን እንደዚያ ወርውሮ አያውቅም። ግራና ቀኝ አየና ወረወረው።

ጭርር አለ።

«ያ አላህ!» ራቢያ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ዝም በይ። አንዴ አጨብጭቢልኝ።»

«በገዛ ቤቴ ሰይጣን አጨብጭቢልኝ አለኝ!» ብላ ሳቀች፤ ግን አጨበጨበች። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ምቱን እጇ አልረሳውም። ጠሀ ዘለለ፣ ክንዱን ወረወረ፣ በሌላውም በኩል ተቀደደ። ቆሞ ሁለቱንም ብብቱን እየዳሰሰ ሲያጠና ራቢያ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ልጥፉን ሞከረው። አራት ማዕዘን አድርጎ ሲያስገባው አበጠ። ራቢያ ቁራጩን ከእጁ ወሰደችና አዞረችው፤ አንዱ ጫፍ ወደ ክንድ፣ አንዱ ወደ ወገብ እንዲመለከት። «እንዲህ አይሻልም?» አለች። ተሻለ። ሸሚዙ ከክንዱ ጋር ሄደ፣ ከክንዱ ጋር ተመለሰ። ግን ነጩ አቡጀዴ አለቀ። ለሃያ አራት ብብት ጨርቅ ከየት ይምጣ? ከቀበሌ ለመፈክር ተሰፍቶ የተረፈ ቀይ ብጣሽ ነበረው፤ እሱን አነሣ።

ራቢያ እጁን ያዘችው። «አብዮቱን ብብት ሥር ልታደርገው ነው? ልታሳስረን ነው እንዴ?»

ሣጥኗን ከፈተች። ለሰርጓ ከሐረር የመጣላትን ቢጫ ሻሽ አወጣች፤ ዳሰሰችው፤ ሰጠችው።

«ራቢያ፣ ይሄማ…»

«ሣጥን ውስጥ ማን አየው? ቁረጠው።»

ዐርብ ከሰዓት አሥራ አንዱ ልጃገረዶች በረንዳው ላይ መጡ። ጠሀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ክሩን የያዘችው ራቢያ ናት። «እጅሽን አንሺ! ከዚህም በላይ! አትፈሪ፣ እኔ ነኝ!» እያለች አዲስ ቋጠሮ ቋጠረች። ሚስማሩ ላይ ሳይነካ የቀረው አንድ ክር ብቻ ነበር። ፀሐይ አልመጣችም። ታምሩ ክሩን አየና፣ «ነገ ማታ ድረስ» አለ፤ ወጣ።

ቅዳሜ ባልና ሚስት ተያይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ራቢያ ሁሉን ነገር እንደ ባሏ እየቆመች አየች፤ «ለካ ይሄን ነው የከለከልከኝ!» እያለች ሁለቴ ቆነጠጠችው። የገበያነሽ መጥበሻ ቤት በሰው ሞልቷል። ፀሐይ ቢላዋን ይዛ እዚያው ጥግ ተቀምጣለች። ጠሀ ቀሚሱን አሳያት፤ ቢጫዋ ቁራጭ በሰፊ ስፌት ለጊዜው ተይዛለች።

«አሁን አይቀደድም» አላት። «ልክሽ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ፀሐይ ጨርቁን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠሀንም ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ፣ ጨርቁን ሰፉት። ሳቁንስ ምን ያደርጉታል?»

ጠሀ ቀሚሱን ዝቅ አደረገ። እጁ ላይ የነበረው ክር ተንጠለጠለ። ወደ ራቢያ አየ። እሱ ስለ ሳቅ ምን ያውቃል? ማንም ስቆበት አያውቅም፤ የሚያስቅ ነገር ሠርቶ አያውቅማ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ለሚስቱ ሰጣት። ከሥር ያን ሸሚዙን ለብሷል፤ ብብቱ ሥር ከሻሹ የተረፈ ቢጫ የገባበትን። አሸዋው ላይ ወጣና ክንዱን ወረወረ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ አንዱ፣ «ሰፊው ቀለጠ!» ብሎ ጮኸ። ትሪ የከበቡት ሁሉ ዞሩ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ ፈቀቅ አሉ። ሳቁ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ገበያነሽ መጥበሻዋን ይዛ ትንፈራፈራለች፣ ኮፍያ ያደረገው ሽማግሌ ጉሮሮው ላይ አጥንት ሊቀር ነው። ጠሀ ፊቱ ቀልቷል፤ ላቡ ይወርዳል፤ ግን አልቆመም። ራቢያ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማጨብጨብ ጀመረች።

ፀሐይ በእጇ ጀርባ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አልቻለችም።

«ጋሼ! ኧረ እንደሱ አይደለም! እጅዎ ከእግርዎ ቀደመ!»

ጠሀ እያለከለከ ቆመ። «ከተውኩት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። እንዴት ነበር?»

የምሩን ነበር የጠየቃት። ፀሐይም ከፊቱ አነበበችው። ተነሣች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወደ አሸዋው ወጣች። «ይኸውልዎ፤ መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ነው ክንድ፤ እንዲህ!» ብላ ረጅሙን ክንዷን ወደ ሰማይ ለቀቀችው።

«እንዳለሽ ቁሚ!» ራቢያ ክሩን ይዛ ደረሰች። ከወገቧ እስከ ክንዷ ዘረጋችው፤ ቋጠረችው። ልጅቱ ክንዷ አየር ላይ እንዳለ ሳቅ ብላ ቀረች።

ቀሚሱን ግን እለብሳለሁ አላለችም። «አያለሁ» ብቻ አለች። ታምሩ ማታ ሲመጣ ጠሀ፣ «ቦታዋን እስከ ነገ አትስጥብኝ» አለው። «እኔ ተያዥ ነኝ።»

«በምን?»

«በቋጠሮ» አለና ክሩን አሳየው። ታምሩ ምንም አልገባውም፤ ግን እሺ አለ።

እሑድ ጠሀ በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳውን አልከፈተም። ቀሚሱን በጠዋት ለገበያነሽ ሰጥቶ፣ ከሚስቱ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል። በድምፅ ማጉያ ንግግር ይደረጋል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። አንዱ በቆሎ ይግጣል፣ አንዱ አሳ ይፈለፍላል፣ ልጆች አደይ አበባ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይሯሯጣሉ። ራቢያ የተጠበሰ እሸት ገዝታ ግማሹን ሰጠችው። ያዘው እንጂ አልቀመሰውም። ዓይኑ ሜዳው መሃል ነው። አሥራ አንዱ ነጫጭ ቀሚሶች ተሰልፈዋል። ፊት ለፊት አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

የመጀመሪያው ጭፈራ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ታምሩ ወደ ጠሀ አየ፤ ጠሀ ወደ መሬት አየ።

ከበሮው የጉራጌውን ምት ሲጀምር፣ ከመጥበሻ ቤቱ በኩል አንድ ነጭ ቀሚስ እየሮጠ መጣ። እጇን እንኳ በቅጡ አልታጠበችም፤ እየሮጠች ሎሚ በመዳፏ ታሻለች። ከኋላዋ ገበያነሽ «ሂጂ! ሂጂ!» ትላለች። ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ «አሳው መጣ!» አለ። ፀሐይ ሰማችው። አፍታ ያህል ቆመች። ከዚያ ወደዚያው አቅጣጫ ምላሷን አወጣችና ባዶው ቦታ ላይ ገባች።

ጠሀ ፊቷን አላየም፤ እግሯንም አላየም። የሚያየውን ራሱ ያውቃል። ምቱ ፈጠነ፣ ጉልበት ቀደመ፣ ከዚያ አሥራ ሁለቱም ክንዶቻቸውን ወረወሩ። ከነጩ ውስጥ ሃያ አራት ቢጫ ቁራጮች በአንዴ ብልጭ አሉና ጠፉ። ደግሞ ብልጭ አሉ። ሕዝቡ «ኡ!» አለ። ከኋላው የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፣ «አይተሻል? ሆን ብለው እኮ ነው፤ አደይ አበባ ነው!» ስትል ሰማት። ራቢያ በክርኗ ነካችው፤ የሰርግ ሻሿ ሜዳው ላይ ይከፈታል ይዘጋል፣ እሷም የበቆሎ ቆረቆንዳዋን ይዛ ታያለች። ጠሀ ያን ጊዜ ነው እሸቱን ወደ አፉ ያስጠጋው። ቀዝቅዟል፤ ግን ጨርሶ ጋጠው።

በማግስቱ ከሁለት ቀበሌ ሰዎች መጥተው ያንን ብብት ሥር የሚደረገውን ጠየቁት። ራቢያ ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ በርጩማ አላት፤ ጠሀ ጋ የምትለካ ሴት ሁሉ እጇን ወደ ሰማይ ሳታነሣ አትሄድም። ገበያነሽም የአምናውን ቀሚስ እንዲጠግንላት አምጥታ ሰጠችው፤ የራሷን ልጥፍ እንዳይነካ አስጠንቅቃ።

ያን ሰኞ ጠዋት ራቢያ የባሏን ሱሪ ልታጥብ ስታራግፈው ከእጥፋቱ አሸዋ ፈሰሰ። ኪሱን ስትገለብጠው የበቆሎ ፀጉር ወደቀ። የሸሚዙ እጅጌ ላይ የደረቀች የአሳ ቅርፊት ተጣብቃለች። ሱሪውንም ሸሚዙንም ጥላ ቅርፊቷን በጣቷ ጫፍ ይዛ በረንዳው ድረስ መጣች።

«ይሄ ደንበኛ ደግሞ የት ውሎ ነው የመጣው?» አለችው።

ጠሀ መኪናውን አቆመ። ቅርፊቷን ከጣቷ ተቀበለና ወደ ፀሐይ አዙሮ አያት።

«አልተቀደደበትም?» አላት።